ቀይ መብራቷና አራቱ ደቂቃ

ከሚኒያፖሊስ ወይም ከሴንት ፖል የሰፈር መንገድ ተነስቶ ወደ ፍሪዌይ የሚገባ ሰው፣ ጊዜው የሥራ መግቢያ ወይም የሥራ መውጫ ሰዓት ከሆነ፣ መግቢያው ላይ አንዲት አጭር መብራት ታስቆመዋለች። ቀይ ናት። ለአፍታ አረንጓዴ ትሆንና አንድ መኪና አሳልፋ ተመልሳ ትቀላለች። መስቀለኛ መንገድ የለ፣ እግረኛ የለ፣ ከጎን የሚመጣ መኪና የለ፤ ሰፊው መንገድ ከፊት ለፊት እየታየ እርስዎ ግን ቆመው ይጠብቃሉ። ሥራ የረፈደበት ሰው በዚች መብራት ላይ የማያወርደው እርግማን የለም። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ዘመድ አጠገብዎ ተቀምጦ እንደሆነም "ምን ሆነን ነው የቆምነው?" ማለቱ አይቀርም።

ጥያቄው የእንግዳው ብቻ አይደለም። የሚኒሶታ ሕዝብ ራሱ ጠይቆት፣ ጉዳዩ እስከ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ደርሶ፣ መልሱም በቁጥር ተሰፍሮ ተሰጥቷል። እኔ ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበርኩ፣ ዛሬ በኮምፒዩተር ሥራ የምተዳደር፣ ከሥራ መልስ ደግሞ እንደ ብዙዎቻችሁ ልጆች ከትምህርት ቤት ወደ ኳስ ሜዳ፣ ከኳስ ሜዳ ወደ ቤት የማመላልስ አባት ነኝ። ስለ መንዳት፣ ስለ ሥራና ስለ ቤተሰብ ብዙ ምክር ሰምቻለሁ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያስረዳችኝ ግን ይቺ መብራት ስለሆነች፣ ታሪኳን ለአንባቢ ላካፍል።

ምክር ቤቱ ያስጠፋት መብራት

በዚህ አካባቢ የመጀመሪያዎቹ የመግቢያ መብራቶች የተተከሉት እ.አ.አ. በ1969 በሴንት ፖል፣ 35ኢ በሚባለው ፍሪዌይ ላይ ነበር። ሥራው ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ በ2000 በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው 430 ያህል መብራቶች ይሠሩ ነበር። መብራቱ ሲበዛ ምሬቱም በዛ። አንዳንድ መግቢያ ላይ ሰልፉ እስከ ሰፈር መንገድ ይደርስ ስለነበር፣ "ፍሪዌይ የተሠራው ልንሄድበት ነው ወይስ ልንቆምበት?" የሚል ሰው ተበራከተ። የአዋቶና ከተማው ሴናተር ዲክ ዴይ የዚህ ቅሬታ ዋና አፈ ጉባኤ ሆኑ። በ2000 ምክር ቤቱ መብራቶቹ ጠፍተው ልዩነቱ እንዲጠና አዘዘ። በኦክቶበር ወር ሁሉም ጠፉ፤ ስምንት ሳምንት ለሚሆን ጊዜም ማንም ሰው እንዳሻው እየገባ ነዳ።

ውጤቱ ምን ሆነ? መግቢያው ላይ መቆም ቀረ። መንገዱ ላይ መቆም ግን መጣ። ጥናቱ እንዳሳየው፣ ፍሪዌዩ የሚያስተናግደው የመኪና ብዛት በ9 በመቶ ቀነሰ፤ የጉዞው ጊዜ በ22 በመቶ ረዘመ፤ የመኪና ግጭት ደግሞ በ26 በመቶ ጨመረ። ያው መንገድ፣ ያው መኪና፣ ያው ሰው ነው። የተለየው ነገር ቢኖር ከመግባት በፊት የነበረችው ቆይታ ብቻ ነበረች።

ምክንያቱን ለመረዳት የመንገድ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሽሮ ሲሠራ ያየ ሰው ይገባዋል። ዱቄቱ በፈላው ውሃ ላይ እየተነሰነሰ ሲገባ ይዋሃዳል፤ ባንዴ ሲገለበጥበት ግን ይጓጉላል፤ ከዚያ በኋላ ማማሰያውን ቢያሽከረክሩት አይፈታም። ከሰፈሩ የትራፊክ መብራት የተለቀቁ አሥር መኪኖች ተያይዘው ፍሪዌዩ ውስጥ ሲደፉም እንደዚሁ ነው። ውስጥ ያለው ሹፌር ቦታ ለመስጠት ፍሬን ይይዛል፤ ከኋላው ያለው ትንሽ አጥብቆ ይይዛል፤ የሱ ኋለኛ ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። ግማሽ ማይል ወደኋላ ያለው ሰው ምን እንደተፈጠረ ሳያይ ተገትሮ ይቀራል። መብራቷ አንድ አንዱን ስታሳልፍ ግን እያንዳንዱ የራሱን ክፍተት አግኝቶ ይቀላቀላል።

የሆነ ሆኖ ሕዝቡም አልተሸነፈም። ምሬቱ እውነት ነበረው። ከጥናቱ በኋላ መብራቶቹ ተመልሰው ሲበሩ እንደ ድሮው አልነበሩም። ከሰፈር መንገድ የሚገባ ሰው ከ4 ደቂቃ በላይ፣ ከአንዱ ፍሪዌይ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ደግሞ ከ2 ደቂቃ በላይ እንዳይጠብቅ ገደብ ተበጀለት። ሰልፉ ሲረዝም መብራቷ ቶሎ ቶሎ እንድታሳልፍ ተደረገች ማለት ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ሁለት ነው። ከመግባት በፊት ትንሽ ቆይታ ታስፈልጋለች፤ ቆይታዋ ግን ገደብ ያሻታል። አንዱን ያለ ሌላው የያዘ ሰው ይጎዳል። እኛ ስደተኞች ደግሞ በሚያስቸኩለው ላይ ስንጠብቅ፣ በሚያስጠብቀው ላይ ስንቸኩል እንታያለን።

በኮምፒዩተር ቤት

በጋዜጣ ዘመኔ ቀይ መብራቱ አራሚው ነበር። ጽሑፉ የቱን ያህል ቢያምር፣ ሰዓቱ የቱን ያህል ቢገፋ፣ አራሚው ሳያየው ወደ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የሚሄድ ገጽ አልነበረም። የታተመ ገጽ አይመለስምና። ወደ ኮምፒዩተር ሥራ ስገባ ይህ ነገር የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ ሶፍትዌር በማናቸውም ሰዓት ይታረማል ሲባል እሰማ ስለነበር። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ጋዜጣ ቢሳሳት የአንድ ሳምንት እትም ነው። የዛሬ ሶፍትዌር ሲሳሳት በአንድ ደቂቃ ዓለምን ያዳርሳል።

ጁላይ 19 ቀን 2024 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ክራውድስትራይክ የሚባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ድርጅት ለደንበኞቹ የዊንዶውስ ማሽኖች አንድ ፋይል ላከ። የላከው ለጥቂቶች አልነበረም፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነበር። ፋይሉ ስሕተት ነበረበት። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ወደቁ። ድርጅቱ ስሕተቱን ደርሶበት ፋይሉን ለማንሳት የፈጀበት ጊዜ 78 ደቂቃ ብቻ ነው። ምን ዋጋ አለው! የወደቀው ማሽን አዲሱን ፋይል መቀበል ስለማይችል፣ ብዙው ቦታ ላይ ሰው እየሄደ አንድ በአንድ በእጁ ማንሳት ነበረበት። ዴልታ አየር መንገድ በአምስት ቀን ውስጥ 7,000 ያህል በረራ ሰረዘ። የሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ ከዴልታ ዋና ዋና ጣቢያዎች አንዱ ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን እንግዳ ሊቀበል ሄዶ ሲጠብቅ የዋለ ሰው በየቤታችን አለ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚለውን ተረት በዚህ መጠን የተረጎመው ሌላ ነገር አላየሁም። ድርጅቱም ከዚያ ወዲህ ፋይሎቹን ለጥቂቶች አስቀድሞ፣ ለሌላው ደግሞ በየተራ እንደሚልክ አስታውቋል። በሌላ አነጋገር መግቢያው ላይ መብራት ተከለ።

በኮምፒዩተር ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች ይህን ለራሳችሁ ያዙት። ጎበዝ የሚባለው ሠራተኛ በቶሎ የሚለቀው አይደለም። ከመልቀቁ በፊት "ይህ ቢበላሽ እንዴት እመልሰዋለሁ?" ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም ጽፎ የሚያስቀምጥ ነው። አለቃ በስብሰባ ላይ "ዛሬ ማታ ይውጣ" ሲል፣ ጨዋነታችን አንገት እንድንደፋ ያደርገናል። እኛ ያደግንበት ባህል ታላቅን መቃወም ነውር ያደርጋል። እዚህ ግን "መጀመሪያ በአንድ ቢሮ እንሞክረው" ማለት አለቃን መድፈር ሳይሆን የተቀጠርንበት ሥራ ነው። ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ምክንያቱን በሁለት መስመር ጽፎ ማቅረብ ይበቃል።

ወደ ሙያው አዲስ ለመግባት ለሚያስቡም ቃል አለኝ። "በሦስት ወር ስድስት አሐዝ ደመወዝ" የሚል ማስታወቂያ አይጠፋም። ሦስት ወር ተምሮ የተሳካለት ሰው የለም አልልም። ነገር ግን ፍሪዌይ የሚገባ ሹፌር መግቢያው ላይ ቆይቶ ሲለቀቅ፣ የሚቀላቀለው ሌሎቹ በሚሄዱበት ፍጥነት ነው፤ በ30 ማይል ልግባ ቢል አደጋ ነው። በሴንት ፖል ኮሌጅና በሚኒያፖሊስ ኮሌጅ፣ ሁለቱም የመንግሥት ኮሌጆች ናቸው፣ እየሠሩ የሚማሩ ወገኖች አሉ። አንድ አንድ ኮርስ እየወሰዱ፣ ኮምፒዩተር የተበላሸበትን ሠራተኛ ከመርዳት ሥራ ጀምረው፣ በሦስት በአራት ዓመት ደህና ቦታ የደረሱ አውቃለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

ሃምሳ ሰዓት ከልጅ ጋር

አሁን ወደ ቤት እንግባ። በሚኒሶታ ሕግ ልጅ 15 ዓመት ሲሞላው የመማሪያ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። የ30 ሰዓት የክፍል ትምህርትና ከአስተማሪ ጋር የ6 ሰዓት መንዳት አለበት። እስከዚህ ገንዘብ ከፍሎ መገላገል ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን በገንዘብ አይገዛም። ልጁ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ከመቅረቡ በፊት ከትልቅ ሰው ጋር 50 ሰዓት መንዳቱ፣ ከዚያም ውስጥ 15ቱ በጨለማ መሆኑ በመዝገብ ተጽፎ፣ ወላጅ ፈርሞ መቅረብ አለበት። ወላጁ ራሱ የ90 ደቂቃ ትምህርት ከወሰደ ሃምሳው ወደ 40 ዝቅ ይላል።

ሃምሳ ሰዓት! ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት፣ ሌሊት በሆስፒታል የምታድር እናት ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚመጣባቸው "ከየት አምጥቼ?" የሚለው ነው። እኔ ግን ሕጉ ሳያስበው ትልቅ ስጦታ እንደሰጠን አምናለሁ። እስቲ እንቁጠረው፤ ከ15 ዓመት ልጅ ጋር፣ ቴሌቪዥን ሳይከፈት፣ በር ዘግቶ ሳይገባብን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሃምሳ ሰዓት የምናሳልፈው በሌላ በምን ምክንያት ነው? ስልክም የለም። ከ18 ዓመት በታች ያለ የመማሪያ ወይም የጊዜያዊ ፈቃድ ያለው ልጅ ሲነዳ፣ ስልኩን በእጁ ባይዝ እንኳ፣ ለድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር መነጋገር ተከልክሏል። በየቤቱ ያልተሳካልንን ሕጉ አሳክቶልናል።

ልጄ መሪ የያዘች ሰሞን የበረዶ ወቅት ነበር። ሱቆች ያልተከፈቱበት እሑድ ጠዋት፣ ሰፊ ባዶ ፓርኪንግ ላይ ወስጄ በበረዶ ላይ ፍሬን አስረገጥኳት። መኪናው ሲንሸራተት ጮኸች፤ ደግማ ረገጠች፤ በሦስተኛው ሳቀች። በረዶ ላይ ፍሬን በድንጋጤ የሚረግጥ ሰው መኪናውን እንደሚያጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀድሞ አይቶ፣ ርቀት ጠብቆ የሚነዳ ግን ቤቱ እንደሚገባ በቃል ከምነግራት ይልቅ እግሯ ተማረው።

አስቸጋሪው ክፍል የልጅቷ አይደለም፤ የወላጅ አፍ ነው። ልጅ መስመር ስትቀይር ከጎን ያለው ወላጅ ልቡ ወደ ጉሮሮው ይመጣል፤ የሌለ ፍሬን በእግሩ ይረግጣል። በዚያች ሰከንድ "አንቺ! አይታይሽም?" ብሎ መጮህ ነው የሚቀናው። የሚጮህበት ልጅ ግን ዓይኑን ከመንገዱ አንሥቶ ወደ ጮኸው ሰው ያዞራል። ስለዚህ በመኪናችን ውስጥ ደንብ አወጣን፤ አደጋ ካልመጣ በቀር እርማት የሚነገረው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። የትራፊክ መብራት እስኪይዘን እጠብቃለሁ።

"ልጄ፣ ቅድም መስመር ስትቀይሪ ምን አየሽ?"

"ስፖኪዮውን አየሁ፣ አባዬ።"

"ከስፖኪዮው ሌላስ?"

ትንሽ ዝም ትላለች። "በትከሻዬ ዞሬ አላየሁም።"

ራሷ አገኘችው። ብጮህባት ኖሮ ጥፋቱ የኔ ጩኸት ይሆን ነበር፤ እሷም የምታስታውሰው ጩኸቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ደንብ ከመኪና ውጭም እንሠራበታለን። የትምህርት ቤት ውጤት ሲመጣ፣ አምሽታ ስትገባ፣ መጀመሪያ ነገሩ ይቆማል፤ ከዚያ ጥያቄ ይቀድማል።

ቋንቋውም በዚሁ ይገባል። ልጆቻችንን በአማርኛ "ተናገሩ" ስንላቸው ይሸሻሉ። መኪና ውስጥ ግን ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ስፖኪዮ እያልን የምናስተምረው ለሕይወታቸው ስለሆነ ይሰሙናል። አንድ ቀን ልጄ "አባዬ፣ ፍሬቻ አማርኛ ነው?" አለችኝ። የጣልያን ቃል መሆኑን ስነግራት ጣልያን አገራችን ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቀች። ከሃይላንድ ሰፈር ተነስተን ስቲልዋተር እስክንደርስ ስለ አድዋ፣ ስለ አምስቱ ዓመት ወረራ፣ ስለ አያቶቿ ተጫወትን። በቤት ውስጥ ልንገርሽ ብላት አሥር ደቂቃ አትቀመጥልኝም ነበር።

አንባቢ አንድ ነገር እንዲጠነቀቅ አደራ እላለሁ። መዝገቡን ያልነዱበትን ሰዓት ሞልቶ የሚፈርም ወላጅ እንዳለ ይሰማል። ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው ላያውቅ ይችላል፤ በረዶው ግን ያውቃል። ልጅ በ16 ዓመቱ ጊዜያዊ ፈቃድ ሲያገኝ ሕጉ ለመጀመሪያው ስድስት ወር ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 11 ሰዓት፣ በፈረንጁ 5 ሰዓት ድረስ እንዳይነዳ፣ ከቤተሰብ ውጭ ከ20 ዓመት በታች የሆነ ከአንድ ጓደኛ በላይም እንዳይጭን የከለከለው በከንቱ አይደለም። ያች ደግሞ ሌላዋ የመግቢያ መብራት ናት። "ጓደኞቹ ፊት አያፍር" ብለን እኛው ልናጠፋት አይገባም።

አራቱ ደቂቃ ሲያልፍ

እስከዚህ የተናገርኩት ስለ መቆየት ነው። መብራቷን የሚያወድስ ሰው ግን ገደቧንም መርሳት የለበትም። የኛ ማኅበረሰብ ትልቁ ችግር፣ እንደኔ አስተያየት፣ ከመቸኮሉ ይልቅ ገደብ የሌለው መጠበቁ ነው።

ከ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በኋላ ወደዚህ አገር የመጡ ታላላቆቻችን ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የኖሩ ናቸው። "በሚቀጥለው ዓመት እንገባለን" እያሉ ቤት ሳይገዙ፣ ትምህርት ሳይጀምሩ፣ አንዳንዶቹም ትዳር ሳይዙ አሥርና ሃያ ዓመት ሄደ። አገርን መናፈቅ ነውር አይደለም። ናፍቆቱ ግን ሰዓት አልነበረውም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት መጠበቅ አለ። በአገሩ ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሰው በዚህ ከተማ ታክሲ ነድተው፣ ኋላም በስልክ ወደሚጠራው የኡበርና የሊፍት ሥራ ተሸጋግረዋል። "ልጆቹ ይደጉና እማራለሁ" ይሉ ነበር። ልጆቹ አደጉ። "የቤቱ ዕዳ ይቅለልና" አሉ። እሱም ቀለለ። የሹፌሮች ትግል ፍሬ አፍርቶ በ2024 የወጣው የሚኒሶታ ሕግ ዝቅተኛውን ክፍያ በማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም ሲያደርገው ደስ አላቸው፤ ለወገኖቻችንም ቀላል ድል አይደለም። እሳቸው ግን አንድ ቀን ቡና ላይ ያሉኝን አልረሳውም። "ልብ በል ወንድሜ፤ ይህ ክፍያ ሰው ጭነህ ስትሄድ ነው። ቆመህ ለምትጠብቀው የሚከፍል የለም።" ይህን ሲሉ ስለ ሥራው ብቻ ይናገሩ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ባለፈው መኸር ግን በ60ዎቹ ዕድሜያቸው የሒሳብ አስተማሪ ረዳት ለመሆን ተመዝግበዋል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው በቤተሰብ መካከል ያለው መጠበቅ ነው። በፖለቲካ ተነጋግረው የተቀያየሙ ወንድማማቾች አሉ። አንዱ ብሉሚንግተን፣ አንዱ ብሩክሊን ፓርክ፣ በመካከላቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ሳይሞላ ዓመታት ያልተያዩ። ሁለቱም ሌላው ቀድሞ እስኪደውል ይጠብቃል። መጀመሪያ ላይ መቆየቱ ደግ ነበር፤ በቁጣ መካከል የተደወለ ስልክ ጠብ ያባብሳል። አሁን ግን ቁጣው በርዶ ልማዱ ብቻ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ነው። እናት አገር ቤት ዐርፋ፣ ሽማግሌ መሃል ገብቶ አቃቅፏቸው ሲላቀሱ አይተናል። እናትየዋ በሕይወት ሳለች ብትሰማው ምናለ?

ስለዚህ የምመክረው ቀላል ነው። ስትቆጡ፣ ስትቸኩሉ፣ አዲስ ነገር ስትለቁ፣ ልጅ ስታርሙ፣ መብራቷን አስቧት፤ ጥቂት ሰከንድ ማንንም አልገደለም። ለቆየ ጉዳያችሁ ግን አራቱን ደቂቃ አስቡ። ወረቀት አውጡና "ከዚህ ቀን በላይ አልጠብቅም" የምትሉትን ቀን ጻፉ። ያልተጀመረው ኮርስ፣ ያልተደወለው ስልክ፣ ያልተጻፈው ኑዛዜ፣ ያልተነገረው የቤተሰብ ታሪክ እያንዳንዱ ቀን ይቆረጥለት። ሁሉን በአንድ ሳምንት ልጨርስ የሚል ሰው ደግሞ እንደገና ሽሮውን ይገለብጣል። መብራቷ አረንጓዴ ስትሆን የምታሳልፈው አንድ መኪና ነው፤ ለዚህ ሳምንት ከዘገየው ሁሉ አንዱን መርጦ ማሳለፍ ይበቃል።